ጢዝ የሚል ኮምፒውተር፦ ሳውንድ ካርድ ልግዛ ወይስ ሄድፎን?

ማራኪ_ሰፈር ጠየቀ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ። ጎንደር ነው ያለሁት። ኮምፒውተሬ ያገለገለ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7010 ነው፣ ትልቁ ሳይሆን ጠባቡ ኬዝ። ዊንዶውስ 10 ተጭኖበታል። ከድምፁ በቀር ምንም አይወጣለትም።

ሄድፎን ፊት ለፊት ባለው ቀዳዳ ሰክቼ ምንም ሳልከፍት ዝም ብዬ ሳዳምጥ ሁለት ዓይነት ድምፅ አለ። አንደኛው እንደ ንብ ያለማቋረጥ ጢዝ ይላል። ሁለተኛው ማውሱን ሳንቀሳቅስ ወይም ገጽ ወደ ታች ሳወርድ ብቻ ቅጭጭጭ የሚል ነው። ሙዚቃው ሞቅ ሲል አይሰማም። ማሲንቆ ብቻውን ሲሆን ግን፣ በተለይ በስንኝና በስንኝ መካከል ባለው ዝምታ፣ ጆሮዬ ሌላ ነገር አይሰማም።

አብዛኛው ሥራዬ ማዳመጥ ነው። ቀሪው የተቀዳ ማሲንቆና ድምፅ ኦዳሲቲ በሚባለው የድምፅ ማረሚያ ፕሮግራም ላይ መቁረጥና ማጽዳት። ወደፊት ራሴ መቅዳትም አስቤያለሁ። አሁን የምጠቀመው የስልክ ኤርፎን ነው፤ ማይኩ ኮምፒውተሩ ላይ አይሠራም።

ፒያሳ አንድ ሱቅ "7.1" የተጻፈበት፣ ፍላሽ የሚያህል የዩኤስቢ ሳውንድ ካርድ አሳይተውኛል። ሌላ ሰው ደግሞ ኬዙ ውስጥ የሚገባው ይሻላል አለኝ። ሄድፎን ላይም 32፣ 80፣ 250 ኦም የሚል ምርጫ አየሁ፤ ኦሙ ሲበዛ ነው ጥሩ የሚሆነው? ገንዘቤ ለሁለቱም እኩል አይበቃም፤ ወደ የትኛው ላመዝን?

ሽቦ_ለሽቦ መለሰ

ወንድሜ፣ ገንዘቡን ለጊዜው ኪስህ አቆየውና መጀመሪያ ድምፁ በየት በኩል እንደሚገባ እንለይ። ጢዝታውና ቅጭጭታው የአንድ እናት ልጆች አይመስሉኝም። ሳትለይ ካርድ ብትገዛ አንዱ ይጠፋና ሌላው ይቀራል፣ ከዚያ የምትረግመው ካርዱን ነው።

ማውስ ሲንቀሳቀስ የሚሰማው ከኮምፒውተሩ ከራሱ ሆድ የሚመጣ ነው። የፊቱ ቀዳዳ ከማዘርቦርዱ ጋር የሚገናኘው በቀጭን ገመድ ነው፤ ገመዱ ኬዙ ውስጥ ሌሎች ሽቦዎችን እየታከከ ፊት ይደርሳል። ገጽ ስታወርድ ፕሮሰሰሩና ግራፊክሱ የሚስቡት ከረንት ከፍ ዝቅ ይላል። ያ መዋዠቅ በጋራው ግራውንድ (ከረንት በሚመለስበት ሽቦ) በኩል ድምፁ ላይ ያርፋል። ስለዚህ ሄድፎኑን ከኋላ ባለው አረንጓዴ ቀዳዳ ሰካና ያንኑ ገጽ እንደገና ከፍ ዝቅ አድርገው። የኋላው ቀዳዳ ማዘርቦርዱ ላይ የተበየደ ስለሆነ ያ ሁሉ ገመድ የለበትም። ከኋላ ከጠፋ ወይም በጣም ከቀነሰ ጥፋቱ የፊቱ ገመድ እንጂ የሳውንድ ቺፑ አይደለም።

ቀጥለህ ሰው ሁሉ የሚዘነጋውን እይ። የስፒከሩን ምልክት በቀኝ ተጫንና ሳውንድስ በል፣ ፕሌይባክ የሚለው ውስጥ ስፒከርስን መርጠህ ፕሮፐርቲስ፣ ከዚያ ሌቭልስ። እዚያ ከዋናው ድምፅ ሥር ማይክሮፎን ወይም ላይን ኢን የሚል ሌላ መስመር ካለህ ሚውት አድርገው። ይህ የመቅጃው ሳይሆን የማይኩን ድምፅ በቀጥታ ወደ ሄድፎንህ የሚልክ መንገድ ነው። ክፍት ከሆነ ምንም ያልተሰካበት የማይክ ቀዳዳ የሚሰበስበውን ጢዝታና ሽሽታ ሁሉ አጉልቶ ያሰማሃል። እግረ መንገድህን ሪኮርዲንግ ውስጥ ገብተህ ማይክህ ላይ "ሊስን ቱ ዚስ ዲቫይስ" የሚለው ምልክት እንዳልተደረገበት አረጋግጥ።

ሦስተኛው መሬት፣ ማለትም የሶኬቱ ግራውንድ ነው። ጎንደር ብዙ ቤት ሶኬቱ ላይ የግራውንድ ብረት ይታያል እንጂ ከኋላው ሽቦ የለውም። በቴስተር ካቻቪቴ የኬዙን ያልተቀባ ብሎን ንካ። ደብዘዝ ብሎ ከበራ ኬዝህ መሬት አላገኘም ማለት ነው። ፓወር ሳፕላይ ውስጥ ከሁለቱ የመብራት ሽቦዎች ወደ ኬዙ የተዘረጉ ሁለት ትንንሽ ካፓሲተሮች አሉ፤ መሬት ሲጠፋ ኬዙ የ220ውን ግማሽ፣ ወደ 110 ቮልት ይዞ ይንሳፈፋል። ከረንቱ በጣም ጥቂት ስለሆነ በእጅ ጀርባ ሲነኩት ውርር ከማለት አያልፍም። ድምፅ ላይ ግን ብዙ ያጠፋል።

አንድ ነገር ልብ በል። ኮምፒውተሩ ላይ የተሰካው ሄድፎን ብቻ ከሆነ ከረንቱ የሚዞርበት መንገድ የለም። ከሌላ ሶኬት መብራት የሚወስድ ስፒከር፣ ወይም የዲሽ ገመድ ያለበት ቲቪ በኤችዲኤምአይ ተያይዞ ከሆነ ግን በኬብሉ ሽፋን በኩል ይዞራል። እንዲህ ያለ ነገር አለህ?

ማራኪ_ሰፈር

አለ! ስፒከር ከኋላ ተሰክቶ ነበር፤ እሱ ደግሞ መብራት ሲጠፋ እንዲሠራ ከኢንቨርተር በሚመጣው ሶኬት ላይ ነው። ሄድፎኑን ከኋላ ለመሰካት የስፒከሩን ገመድ ስነቅለው ጢዝታው አብሮ ጠፋ። ማውሱ ላይ የነበረው ቅጭጭታም ከኋላ በጣም ቀነሰ፣ ጆሮ ጥዬ ካልፈለግሁት አይሰማም። ሌቭልስ ውስጥ ላይን ኢን ክፍት ነበር፣ ዘጋሁት። ቴስተሩም ኬዙ ላይ በርቷል።

ታዲያ ካርድ አያስፈልገኝም ማለት ነው? ስፒከሩንስ ምን ላድርገው?

ሽቦ_ለሽቦ

ጥሩ፣ ጢዝታው የስፒከሩ ነበር። መጀመሪያ ስፒከሩንና ኮምፒውተሩን አንድ ማከፋፈያ ላይ ሰካቸው፤ ሁለቱም ከአንድ ሶኬት ሲወስዱ በኬብሉ የሚዞረው ይቀንሳል፣ ብዙ ጊዜ ይህ ብቻ ይበቃል። ካልበቃ በስፒከሩ ገመድ መካከል የሚገባ ግራውንድ ሉፕ አይሶሌተር የሚባል አለ፣ ውስጡ ሁለት ትንንሽ ትራንስፎርመር ነው። ለስፒከር ብቻ ነው ታዲያ። ሄድፎን ላይ ብታደርገው ትራንስፎርመሩ ቤዙን ይበላዋል።

ኢንቨርተርህ "ሞዲፋይድ ሳይን" የሚል ከሆነ በባትሪ ሲሠራ ጢዝታው ተመልሶ ይመጣል፤ የሚያወጣው ሞገድ ለስላሳ ሳይሆን በደረጃ የተቆረጠ ስለሆነ ስፒከር ውስጥ ይሰማል። በሽቦ አቀማመጥ አይድንም፣ የሚድነው በ"ፒዩር ሳይን" ኢንቨርተር ነው። በባትሪ ሰዓት በሄድፎን ሥራና እለፈው።

መሬቱን ደግሞ በኤሌክትሪክ ሠራተኛ አሠራ። ሲጨርስ በመልቲሜትር ይለካልህ፦ በላይቭና በግራውንድ መካከል ወደ 220፣ በኒውትራልና በግራውንድ መካከል ለዜሮ የቀረበ ቮልት መታየት አለበት። ከውኃ ቧንቧ ጋር አታያይዝ። ግራውንድን ከኒውትራል ጋር ሶኬቱ ውስጥ በአጭር ሽቦ የሚያገናኙም አሉ፤ ኒውትራሉ ቢበጠስ ኬዙ ሙሉ 220 ይሆናል፣ ሰው ይገድላል።

ካርዱን በተመለከተ፣ ለማዳመጥ ብቻ ከሆነ የኋላው ቀዳዳ በቅቶሃል። ሳይቸግር ጤፍ ብድር አትግባ። ኬዝ ውስጥ የሚገባውን ግን አልመክርህም። የአንተ ጠባብ 7010 የሚቀበለው ግማሽ ቁመት ያለው ካርድ ብቻ ነው። ሁለት የካርድ ቀዳዳ አለው፣ ረጅም ፒሲአይ ኤክስፕረስ ናቸው፤ አጭሩ ኤክስ 1 ካርድ ሁለቱም ላይ ገብቶ ይሠራል፣ የድሮው ፒሲአይ ካርድ ግን ጨርሶ አይገባም። አጭር ብራኬት (ኬዙ ላይ የሚታሰረው ብረት) ከሌለው ካርዱ ገብቶ ኬዙ አይዘጋም። ይህን ሁሉ አልፈህ ብታስገባው እንኳ የምታስገባው ያው ጫጫታ ያለበት ሆድ ውስጥ ነው። ከገዛህ በዩኤስቢ ከውጭ የሚቀመጥ ግዛ።

የጆሮ_ሚዛን መለሰ

የካርዱ ነገር ተብራርቷል፤ እኔ ወደ ሄድፎኑ ልሂድ፣ ምክንያቱም ገንዘብህ መሄድ ያለበት ወደዚያ ነው። ከአራት እጅ ሦስቱን ለሄድፎን አውል። በአንድ ተራና በአንድ ውድ ሳውንድ ካርድ መካከል ያለውን ልዩነት ዓይንህን ጨፍነህ ላትለየው ትችላለህ። በሁለት ሄድፎን መካከል ያለውን ግን መንገደኛም ይለየዋል።

ኦም የጥራት መለኪያ አይደለም። ሄድፎኑ ለከረንት የሚያሳየው እምቢታ ነው። ብቻውን ምንም አይነግርህም፤ አጠገቡ የተጻፈውን የዴሲቤል ቁጥር፣ ማለትም በ1 ሚሊዋት ምን ያህል እንደሚጮህ የሚለውን አብረህ ማየት አለብህ።

በቁጥር እንየው። ቤየርዳይናሚክ ዲቲ 770 ፕሮ በ32፣ በ80 እና በ250 ኦም ይሠራል፤ አንተ ያየኸው እሱን ይመስለኛል። 96 ዴሲቤል በ1 ሚሊዋት ነው። የምትሰካበት ቀዳዳ ቢበዛ 1 ቮልት ያወጣል እንበል። 1 ቮልት በ32 ኦም ላይ 31 ሚሊዋት ይሆናል፣ ይህም 111 ዴሲቤል ገደማ ነው። በ250 ኦም ላይ 4 ሚሊዋት ብቻ፣ 102 ዴሲቤል። ቀዳዳው የሚያወጣው ግማሽ ቮልት ብቻ ከሆነ ከሁለቱም ላይ 6 ቀንስ። ይህ እንግዲህ ድምፁ ጣሪያ ሲነካ ነው፤ ዘፈን በአማካይ ከጣሪያው 15 ዴሲቤል ያህል ዝቅ ብሎ ነው የሚሄድ፣ ዝቅ ተደርጎ የተቀዳ ማሲንቆ ደግሞ ከዚያም በታች። ስለዚህ 250ውን በደካማ ቀዳዳ ላይ ብትሰካው ቮልዩሙን 100 አድርሰህም "ምነው ጨመር ባለልኝ" ትላለህ።

ኦም ዝቅ ማለት ብቻውን እንደማይበቃም እወቅ። ኤኬጂ ኬ240 ስቱዲዮ 55 ኦም ብቻ ነው፣ ግን 91 ዴሲቤል በ1 ሚሊዋት። 1 ቮልት ስትሰጠው 104 ገደማ ላይ ይቆማል፣ ማለትም ከ250 ኦሙ ዲቲ 770 ብዙም አይርቅም። በተቃራኒው ሶኒ ኤምዲአር 7506 63 ኦም ሆኖ 106 ዴሲቤል ስለሆነ በዚያው 1 ቮልት 118 ይደርሳል። ስልክም ይነዳዋል።

ሌላው የቀዳዳው የራሱ ኦም ነው። የሄድፎኑ ኦም ቢያንስ የቀዳዳውን ስምንት እጥፍ ይሁን ይባላል። ማዘርቦርድ ላይ፣ በተለይ ለስፒከር ታስቦ የተሠራው የኋላው አረንጓዴ፣ በርካታ አሥር ኦም ሊኖረው ይችላል። 32 ኦም ሄድፎን ስትሰካበት ቤዙ ያብጥና ልል ይሆናል፤ ሰው "ይሄ ሄድፎን ቤዝ አለው" ብሎ ይደሰታል፣ ግን ከበሮው ልክ እርጥብ ቆዳ እንደመቱ ነው የሚሰማው። ከ60 እስከ 80 ኦም ያለው ለአንተ ቀዳዳ ይስማማል።

ዝግ ወይስ ክፍት? መቅዳት ካሰብክ ዝግ። ከክፍት ሄድፎን የሚያመልጠው ድምፅ ማይኩ ውስጥ ይገባል። ዝግ ሄድፎን ግን ጆሮን ዙሪያውን ገጥሞ ካልያዘ ቤዙ ይፈሳል፤ የመነጽር እጀታ፣ ወፍራም ሹሩባ፣ ከጆሮ ትራሱ ሥር የገባ ሻሽ፣ እነዚህ ሁሉ ያፈሱታል። ስትሞክር እንደምትቀመጥበት ሆነህ ሞክር።

ምርጫዬ ለአንተ ኦዲዮ ቴክኒካ ኤቲኤች ኤም 40 ኤክስ ነው፣ 35 ኦም። ከላይ ከ60 እስከ 80 አልኩህ፣ አሁን 35 እላለሁ፤ ምክንያቱም ዩኤስቢ እንደምትገዛ አምናለሁ፣ የዩኤስቢዎቹ ቀዳዳ ኦም አብዛኛውን ጊዜ አነስተኛ ነው። በኋላው ቀዳዳ የምትቆይ ከሆነ ሶኒውን ወይም 80 ኦሙን ዲቲ 770 ያዝ። ሶኒው ቀጭኑን ድምፅ (ትሬብሉን) ጨመር ያደርጋል፤ ሽሽታንና መጥፎ ቁርጥን ለመያዝ ጥሩ ነው፣ ሦስት ሰዓት ካዳመጥክበት ግን ያደክማል። የማሲንቆ ጭራ በጭራ ላይ ሲፋተግ ያለው ፍትግታም በእሱ ላይ ይጋነናል። "ኤክስትራ ቤዝ" የሚሉትን ተዋቸው፤ ማሲንቆና የሰው ድምፅ ያሉበትን መሐሉን ይውጡታል።

ገመድም እይ። የኤም 40 ኤክስ ገመድ ይነቀላል፤ ሄድፎኑ በኩል ያለው ጫፍ ግን 2.5 ሚሊሜትር የሆነ፣ ገብቶ ተጠምዞ የሚቆለፍ ነው። ሱቅ ውስጥ የሞላው ባለ 3.5 ገመድ አይገባበትም። ካርቶኑ ውስጥ ሁለት ገመድ አለ፣ ሁለተኛውን አትጣለው። የ7506ና የዲቲ 770 ገመድ አይነቀልም፣ ሲበጠስ ብየዳ ነው።

ይቺን ደግሞ በወሬ መሐል፦ መሞከሪያ አድርገህ በገና አትክፈት። በገና ራሱ ጢዝ የሚለው በአውታሩና በድልድዩ መካከል በሚገባው ቆዳ ነው፣ ያለዚያ በገና አይባልም። ጤነኛ ሄድፎን ነዘረ ብለህ ትመልሳለህ።

ሌሊት_አድማጭ

ይህ ሁሉ ገመድ ከሚሆን ብሉቱዝ ገዝቶ አይገላገልም?

የጆሮ_ሚዛን

ለማዳመጥ ይገላገላል። ለመቁረጥ ግን ድምፁ ከሚታየው ሞገድ ከ150 እስከ 250 ሚሊሰከንድ ሊዘገይ ይችላል፤ ሞገዱ ላይ ያለው መስመር አልፎ ሄዶ ነው የምትሰማው። ማይኩን ከከፈትክ ደግሞ ብዙዎቹ ወደ ስልክ ጥሪ ዓይነት ይወርዳሉ፣ ሞኖ ሆኖ በ8 ወይም በ16 ኪሎሄርዝ ናሙና። ማሲንቆ በዚያ ውስጥ ማሲንቆ አይደለም።

ባለአንድ_አውታር መለሰ

ስለ ማይኩ ማንም አልመለሰለትም። የስልክ ኤርፎን ጃክ ሦስት ጥቁር ቀለበት፣ አራት ክፍል አለው፦ ጫፉ ግራ፣ ቀጥሎ ቀኝ፣ ቀጥሎ ግራውንድ፣ መጨረሻው ማይክ። የኮምፒውተርህ ሄድፎን ቀዳዳ ሦስት ክፍል ብቻ ነው የሚያውቀው፣ ማይኩን አያየውም። መፍትሔው አራት ክፍሉን ተቀብሎ አንዱን ለሄድፎን አንዱን ለማይክ የሚለይ ባለሁለት እግር አስማሚ ነው፤ ዋጋው የሚያሳስብ አይደለም። ቆየት ያሉ አንዳንድ ኤርፎኖች ማይኩና ግራውንዱ ቦታ ተለዋውጦባቸዋል። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ የዘፋኙ ድምፅ ይጠፋና ሙዚቃው ከጉድጓድ የመጣ ይመስላል፤ የማይኩን ቁልፍ ተጭነህ ስትይዝ ይስተካከላል። እንዲህ ካየህ ኤርፎኑም አስማሚውም አልተበላሸም፣ አልተጣጣሙም እንጂ።

ያ "7.1" የተባለው ፍላሽ መሳይ ነገር ከእጅ አይሻል ዶማ ነው። ብዙዎቹ ውስጣቸው ያለው ሲኤም 108 የሚባል ቺፕ ወይም ቢጤው ነው፤ ባለ 16 ቢት፣ እስከ 48 ኪሎሄርዝ፣ ማይኩ ሞኖ። 7.1 የተባለው በሶፍትዌር የሚሠራ ማታለያ ነው፣ የሚወጣው ያው ሁለት ቻናል ነው። ለቪዲዮ ጥሪ ይሆናል። ለማሲንቆ መቅጃ አይሆንም፣ ማይኩ በኩል ያለው ሽሽታ ብዙ ነው።

መቅዳት የምር ካሰብክ ግን ከሽቦ_ለሽቦ ጋር እዚህ ላይ አልስማማም፤ የኋላው ቀዳዳ በቃህ የሚለው ለጆሮ እንጂ ለማይክ አይሆንም። ሀምራዊዋ ወይም ሰማያዊዋ የማይክ ቀዳዳ የተሠራችው ለትንሽ የኮምፒውተር ማይክ ነው፤ ጥቂት ቮልት ትሰጣለች፣ ለዋናው ኮንደንሰር ማይክ የሚያስፈልገው 48 ቮልት ነው። እንደ ሹር ኤስኤም 58 ያለው ዳይናሚክ ማይክ ደግሞ ሚሊቮልት ብቻ ስለሚያወጣ እዚያ ብትሰካው ቡስቱን (የማይኩን ማጉያ) እስከ ጣሪያ ትከፍታለህ፣ አብሮ የሚጎላው ሽሽታው ነው። ስለዚህ ኦዲዮ ኢንተርፌስ ግዛ፤ እሱ ሳውንድ ካርድም፣ የሄድፎን ማጉያም፣ የማይክ መግቢያም ነው። ሁለት ጊዜ አትከፍልም።

እዚህ ሰው የሚሳሳተው በመግቢያ ቁጥር ነው። ፎከስራይት ስካርሌት ሶሎ የማይክ መግቢያው አንድ ነው፤ ሁለተኛው ቀዳዳ ለጊታርና ለመሰል ነገር ነው፣ ማይክ አይቀበልም። ማሲንቆውንና ዘፋኙን ለየብቻ መቅዳት ከፈለግህ ስካርሌት 2አይ2 ወይም ቤሪንገር ዩኤምሲ 202 ኤችዲ ውሰድ፣ ሁለቱም ሁለት የማይክ መግቢያ ከ48 ቮልት ጋር አላቸው። አዝማሪ ራሱ እየመታ ራሱ ነውና የሚዘፍነው፣ ሁለት ማይክ ያስፈልግሃል፤ አንዱ ወደ አፉ፣ አንዱ ወደ ቆዳው።

ስትቀዳ 24 ቢት አድርግ፣ የላይኛው ጫፍ ከ −12 እስከ −6 ዴሲቤል ድረስ ብቻ ይውጣ። ቀዩን ከነካ የተቆረጠው ሞገድ ተመልሶ አይመጣም። የሄድፎን ድምፅ ድርብ ሆኖ፣ እንደ ማሚቶ ከመጣ ኢንተርፌሱ ላይ ዳይሬክት ሞኒተር (የማይኩን ድምፅ በቀጥታ ወደ ሄድፎን የሚልከው) በርቶ ሶፍትዌሩም እያሰማህ ነው፤ አንዱን ዝጋ። እኔ የምዘጋው የሶፍትዌሩን ነው፣ የሚዘገየው እሱ ስለሆነ። በ48 ኪሎሄርዝ በፈር (ሶፍትዌሩ ድምፁን ለአፍታ የሚያጠራቅምበት ማቆያ) 256 ናሙና ማለት 5.3 ሚሊሰከንድ ነው፣ 512 ደግሞ 10.7፣ ያም መግቢያና መውጫው ሳይደመር።

ሽቦ_ለሽቦ

ስለ መቅዳቱ ልክ ነህ፣ ተሸነፍኩ። ግን መቅዳቱ "ወደፊት" ነው ያለው። ለአሁኑ ኢንተርፌስ ሳይሆን የአፕል ከዩኤስቢ ሲ ወደ 3.5 የምትቀይረዋ ትንሽ ገመድ ትበቃዋለች፣ ከዩኤስቢ ሲ ወደ ተራው ዩኤስቢ የሚቀይር አስማሚ ታክሎባት። 24 ቢት 48 ኪሎሄርዝ ትሠራለች፣ የቀዳዳዋ ኦም ትንሽ ነው፣ አራት ክፍል ጃክ ስለምትቀበል የስልክ ኤርፎኑ ማይክም ይሠራባታል። ስትገዛ ገመዷ ላይ በደቃቁ የተጻፈውን ቁጥር አንብብ፦ ኤ2049 ከሆነ 1 ቮልት ታወጣለች፣ የአውሮፓው ኤ2155 ግማሹን ብቻ። ተመሳስላ የተሠራችም ብዙ ናት፤ ዊንዶውስ ላይ ስትሰካት አድቫንስድ ውስጥ 24 ቢት የሚል ካላመጣች ዋናዋ አይደለችም።

ማራኪ_ሰፈር

እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። እንዲህ ወሰንኩ፦ አሁን ኤም 40 ኤክሱን ከዚያች የአፕል ገመድ ጋር፣ ኢንተርፌሱን ደግሞ መቅዳት ስጀምር። ፍላሽ መሳዩን ትቼዋለሁ። ዊንዶውስ ላይ ምን ምን ላስተካክል? ሄድፎኑን ሱቅ ውስጥስ እንዴት ልፈትነው?

ሽቦ_ለሽቦ

ገመዷን ከኋላ ባለው ዩኤስቢ ሰካት፤ የፊቱ ዩኤስቢም እንደ ፊቱ ጃክ በቀጭን ገመድ ነው የሚመጣ። ማከፋፈያ ሃብ አታስገባ። ዊንዶውስ 10 ድራይቨሩን ራሱ ይጭናል፣ ሲዲ ምናምን አትፈልግ። (ኋላ ለምትገዛው ኢንተርፌስ ግን የአምራቹን ድራይቨር ጫን፣ መዘግየቱን የሚቀንሰው እሱ ነው።)

ፕሌይባክ ውስጥ አዲሱን ሴት ዲፎልት አድርገው። ፕሮፐርቲስ፣ አድቫንስድ፣ 24 ቢት 48000። ኢንሃንስመንትስ የሚል ካለ ሁሉንም አጥፋ፤ ያንን ሳያጠፉ ድምፅ ማጽዳት በጭቃ እጅ ልብስ ማጠብ ነው። ኮሚዩኒኬሽንስ በሚለው ውስጥ "ዱ ነቲንግ" ምረጥ፤ ካልመረጥክ ጥሪ በመጣ ቁጥር ዊንዶውስ የሌላውን ድምፅ በ80 በመቶ ይቀንሰዋል፣ ሰውም ካርዱ ተበላሸ ይላል። ኦዳሲቲ ውስጥ ደግሞ ሆስቱን ከኤምኤምኢ ወደ ዊንዶውስ ዋሳፒ ቀይረው፣ የፕሮጀክቱንም ሬት 48000 አድርግ።

የሙዚቃው መጀመሪያ ግማሽ ሰከንድ የሚቆረጥ ወይም ስትጀምር ቀጭ የሚል ከሆነ፣ ፓወር ኦፕሽንስ ውስጥ ዩኤስቢ ሰሌክቲቭ ሰስፔንድ የሚለውን ዲሴብል አድርግ። ኮምፒውተሩ ኃይል ልቆጥብ ብሎ ዩኤስቢውን እያስተኛው ነው።

የጆሮ_ሚዛን

ሱቅ ስትሄድ ስልክህ ላይ ሦስት ነገር ይዘህ ሂድ፦ የግራና ቀኝ መለያ፣ ሞኖ የሆነ የሰው ንግግር፣ እና ከ20 ሄርዝ ተነሥቶ ቀስ እያለ ወደ ላይ የሚወጣ ቶን። ንግግሩ ከራስህ መሐል መምጣት አለበት። ተበትኖ ከሁለቱም ጆሮ ውጭ የሚመጣ ከመሰለህ የአንዱ ጆሮ ሽቦ ተገልብጦ ተበይዷል። ቶኑን ዝቅ ባለ ቮልዩም ጀምር፤ ከ30 እስከ 200 ሄርዝ ባለው ውስጥ አንድ ጆሮ ብቻ ትርርር ካለ ድያፍራሙ (ድምፅ የሚያወጣው ስስ ሽፋን) ላይ ፀጉር ወይም አቧራ አለበት፣ ወይም ተቀድዷል። ትራሱን በጣትህ ጫን አድርገው፣ ቀስ ብሎ ይመለስ፤ የውስጡ ክፍተት ጆሮህን ሳያጥፍ ይክበበው። ካርቶኑ ውስጥ ሁለት ገመድ መኖሩን ቁጠር።

መጨረሻ ላይ ሙዚቃ ከፍተህ ገመዱን መጀመሪያ ጃኩ ሥር፣ ቀጥሎ ሄድፎኑ ሥር ይዘህ ቀስ ብለህ ወዲያና ወዲህ አጣጥፈው። አንዱ ጆሮ ብልጭ ድርግም ካለ ገንዘቡን ሳትከፍል መልስለት።

ማራኪ_ሰፈር

ገባኝ። ስፒከሩን አንድ ማከፋፈያ ላይ አደረግሁት፤ ቮልዩሙን እስከ መጨረሻ ካላወጣሁት አይሰማም። ኤሌክትሪክ ሠራተኛውን ቅዳሜ ቀጥሬዋለሁ።

ሽቦ_ለሽቦ

ቅዳሜ ሲጨርስ ቴስተሩን እዚያችው ብሎን ላይ መልሰህ ንካበት። ሊበራ አይገባም።